ሸበካ ወይስ ካሽ

መንፉሃን ሳያውቅ ሪያድን አውቃለሁ የሚል የቆቦ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከከተማው መሐል በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው፤ ጠባብ መንገዶቹ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ ከዐረብኛ እኩል ይሰማል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ሲጀመር ረብሻ የተነሣው እዚሁ ነበር። በዚያ ዘመቻ ከ150 ሺህ በላይ ወገን ከሳውዲ ወደ አገር ቤት ተመልሷል። እኔ ከዚያ በኋላ ከመጡት ነኝ። በሰፈሩ ጫፍ ባለች አንዲት ባቃላ፣ ማለትም የሸቀጥ ሱቅ፣ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሸበካ ወላ ካሽ?» ሸበካ የምንለው የካርድ ማሽኑን ነው።

የአገሩ ሰው ጥያቄዬን ሳልጨርስ ስልኩን ማሽኑ ላይ ያስጠጋል፤ ለአንድ ሪያል ውሃም ቢሆን። ሰው ወዶት ብቻ የመጣ ልማድ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥት ሱቆች በየተራ ማሽን እንዲያስገቡ አስገደደ፤ የባቃላዎች ተራ ሜይ ላይ ደረሰ፣ በኦገስት ደግሞ የቀረው ችርቻሮ ሁሉ ተጠቃለለ። የግዳጁ አንዱ ምክንያት ተሰቱር ነው። ዜጋው ስሙን ያውሳል፣ ሱቁን የሚነግድበት ግን የውጭ ሰው ነው። ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የሱቁን እውነተኛ ባለቤት ማን ያውቀዋል? በማሽን የገባ ገንዘብ ግን ባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው የሚያርፈው፤ ሒሳቡም የሆነ ሰው ስም አለበት። የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ እንዳስታወቀው በ2024 ከችርቻሮ ክፍያው 79 በመቶ የተፈጸመው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ከቀሪው ብዙው በእኔ መሳቢያ የሚያልፍ ይመስለኛል።

የካሽ ደንበኛዬን ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ዞር ብሎ መንገዱን ያያል። ከዚያ የስልኩን ሽፋን ፈልቅቆ ከጀርባው አራት ቦታ የታጠፈ ሃምሳ ሪያል ያወጣል። ብዙዎቹ የእኛው የራያ ልጆች ናቸው፤ ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከዋጃ ተነሥተው፣ በጅቡቲ ከኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው የገቡ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። ኢቃማ የሌለው የባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ ሒሳብ የሌለው ካርድ ከየት ያመጣል? ሸማቹ ጥሬ ገንዘብ የሚመርጠው ስለለመደው ነው፣ ወጪውን ለመቆጣጠር ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነዚህ ልጆች ይታወሱኛል። ደግሞም ካርድ ቢታደላቸው እንኳ የሚይዙት አይመስለኝም። ካርድ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደከፈልክ ይመሰክራል። ተርሂልን፣ ማለትም ተይዞ ወደ አገር መባረርን፣ የሚፈራ ሰው ምስክር ምን ያደርግለታል?

ምስክር የቸገራት ሌላ ናት። በኮንትራት የመጡ እኅቶቻችን ደመወዝ ለዓመታት በማዳም፣ በአሠሪዋ እመቤት፣ እጅ እየተቆጠረ ሲሰጥ ነው የኖረው። የሦስት ወር ተይዞባት ከቤቱ የወጣች እንደሆነ «ሰጥቻታለሁ»፣ «አልሰጠችኝም» ነው ክርክሩ፤ በመሐል ወረቀት የለም። ከጁላይ 2024 ወዲህ አዲስ ኮንትራት የፈረመች ሠራተኛ ደመወዝ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት የቤት ሠራተኞች መድረክ በኩል፣ በባንክ ወይም በስልክ ቦርሳ እንዲገባላት ተደንግጓል፤ ነባሮቹም በየደረጃው እንዲገቡበት ተደረገ። አንዲት የወልድያ ልጅ ለማዳሟ ወተትና ዳይፐር ልትገዛ ትመጣለች። የማዳምን ዕቃ በማዳም ብር ትከፍላለች። የራሷን ሻምፑ ለብቻው አስመትታ በራሷ ካርድ ትከፍልና ደረሰኙን ሳትቀበል ንቅንቅ አትልም። «ለሰባት ሪያል ወረቀቱ ምን ይሠራልሻል?» ብላት «ይቀመጥ» አለችኝ፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ካርዱን ማዳሟ ይዛ የምታስቀምጥባት ግን ካርድ አላት አይባልም። እንደዚያም ያሉ አሉ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ደግሞ ኢቃማም ካርድም አለው፤ ደመወዙ በገባ ማግስት ግን ኤቲኤሙ ፊት ቆሞ ያለውን ሁሉ ያወጣል። የቤት ኪራይ፣ የእቁብ፣ የአስቤዛ እያለ ፍራሹ ላይ ይደረድረዋል። ሲቀንስ ማየት አለብኝ ባይ ነው። በካርድ የወጣ ብር አያምም ይላል፣ እውነቱን ነው።

አገር ቤትም ነገሩ ቀላል አይደለም። ቴሌብር በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቆቦ ወጣት ሒሳብ በስልክ ይጨርሳል። የቆቦ ጊራናን የመስኖ ሽንኩርት የሚጭን ነጋዴም ገንዘብ በፌስታል ቋጥሮ መንገድ አይወጣም፤ የመንገዱን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ከብት ተራ ሲደርሱ ግን ወግ ይቀየራል። ለእረፍት በገባሁበት ጊዜ ወንድሜ በሬ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ወረድኩ። ሻጩ ከዞብል በኩል የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ወንድሜ ስልኩን ሲያወጣ ሽማግሌው ገመዱን እጃቸው ላይ አንድ ዙር ጨመሩ።

«አባ፣ አሁኑኑ ይገባልዎታል» አላቸው።

«ልጄ ሒሳብ አለው፤ ይግባ። ገመዱ ግን እኔ ጋ ይቆይ።»

የልጅየው ስልክ ጮኸ፣ መልእክቱ ገባ። ሽማግሌው ንቅንቅ አላሉም። የሐሰት የባንክ መልእክት ተልኮለት ከብቱን አስረክቦ የቀረ ጎረቤት አላቸው። ልጃቸው ቅርንጫፍ ድረስ ሄዶ በመስኮት አስጠይቆ እስኪመለስ በዚያ በቆላ ፀሐይ ቆምን። ወንድሜ ተበሳጨ። እኔ ግን በሪያድ ማሽኑ ጢት ካላለ ዕቃውን ከረጢት ውስጥ አልከትም፤ ሽማግሌው ያደረጉት ከዚህ በምን ይለያል? አያቶቻቸውም የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ አክሊልና ደረት ላይ ያለውን ፈርጥ ቆጥረው፣ የደበዘዘውን መልሰው ነበር።

እናቴን የባሰ ያስጠነቀቃት የሰሜኑ ጦርነት ነው። ሐምሌ 2013 ውጊያው ቆቦ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ባንኩም አብሮ ጠፋ፤ ለወራት። ቀደም ብዬ የላክሁት ደብተሯ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፣ አንድ ኪሎ ጨው ግን አልገዛም። ቤተሰቡን በሕይወት ያቆየው የፍየል ሽያጭና የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው፤ ሒሳቡ ማሽላው ሲደርስ ሊከፈል። በነሐሴ 2014 ውጊያው ተመልሶ መጣ። ከዓመት በኋላ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያን ጊዜ የጠቀመው ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነበር፤ ኔትወርኩ ራሱ ሲሄድ ግን እሱም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ጥሬ ብሩንስ ታምናለች ወይ? ከጦርነቱ በፊት፣ በመስከረም 2013 ብር ሲቀየር በመቀነቷ የቋጠረችውን በሦስት ወር ውስጥ ባንክ ወስዳ እንድትለውጥ ተነገራት። ተሰልፋ ለወጠች። ከሁለቱም በኋላ ጥሬ ብሩንም ባንኩንም እኩል ትጠረጥራለች፤ እኔም ልክ ናት እላለሁ። ብልህ ነን የሚሉት የተሳሳቱት አንዱን ብቻ በማመናቸው ነው።

እኛ ላኪዎቹም ብንሆን ብዙ ዘመን ባንክን የሸሸነው በሒሳብ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በጥቁር ገበያው የሚገኘው ብር ከባንኩ ጋር አይወዳደርም ነበር፤ ሐዋላው እዚህ ሪያሉን በካሽ ይቀበላል፣ ሰውየው እዚያ ብሩን ያስገባል። ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ልዩነቱ ስለጠበበ እኔ በባንክ መላክ ጀምሬያለሁ። ኢቃማ የሌለው ጎረቤቴ ግን ባንኩ ቢሻለውም በየትኛው ስሙ ይላክ?

ባለፈው ብር ስልክላት እናቴ አከፋፈሉን ራሷ ነገረችኝ። ለመድኃኒቷ የሚሆነውን በባንክ። የተረፈውን ወንድሜ አውጥቶ በእጇ ይስጣት፣ እሷ ፍየል ትገዛበታለች። ፍየሎቹ ተገዝተዋል አሉ። በስንት እንደተገዙ ግን ብጠይቃት ወሬ ቀየረችብኝ። ወንድሜ በቴሌብር ከፍሎ ቢሆን የክፍያውን መልእክት ይልክልኝ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች።