አሮጌው ሃርድቶፕ ወይስ አዲሱ?

በእድራችን ስብሰባ ላይ የተነሳውን የመኪና ጉዳይ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማ ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት ለታመመና ምጥ ለያዛት የሚደርስ፣ ቀን ቀን ደግሞ የሱቆችን ዕቃ እያመላለሰ ወጪውን የሚችል አንድ መኪና ለመግዛት ስናዋጣ ቆይተናል። አምቡላንስ የለም አልልም፣ አለ። ግን ካኩማ ለኖረ ሰው ሌሊት ስልክ ደውሎ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አልነግረውም። በ2025 ራሽኑ ከተቆረጠ ወዲህ ይህን መዋጮ ያዋጣው ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ነው። (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። ዕድሜዬን በሙሉ መፍቻ ይዤ ስለኖርኩ "እሱ ያውቃል" ተባለ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማውቀውንና ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

በ2011 ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው አንድ የ90ዎቹ ላንድ ክሩዘር ሃርድቶፕ ገዙ። ያየሁት እኔ ነበርኩ። ሞተሩን አስነስቼ ሰማሁ፣ ሻንሲውን በመዶሻ ነካ ነካ አደረግሁ፣ ባሌስትራውን አየሁ። "ይህ ሞተር አይሞትም፣ ግዙት" አልኩ። የኪሎሜትር ቆጣሪው አይሠራም ነበር፣ እሱንም ንቄ ተውኩት።

ግማሽ ዓመት ሳይሞላ አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት እህታችንን ጭነን ስንወጣ ላጋው መሐል አሸዋው ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ክፍቼ ሳይ የሞተሩ ታይሚንግ ቺንጋ ተበጥሷል። ይህ ሞተር ላይ ያ ቺንጋ በ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ ቤልት" የሚል መብራት ይበራል። ዳሽቦርዱን ስፈታ አምፖሉ የለም! ሻጩ አውልቆታል፣ እኔም አላየሁም። ቁልፍ ከፍቶ መብራቶቹን መቁጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ልጁ እዚያው አሸዋው ላይ ተወለደ። ሁለት እናቶች በባትሪ ብርሃን አዋለዱ። እናትየውን በአልጋ ተሸክመን ነው ሆስፒታል ያደረስናት፣ ብዙ ደም ፈሷታል። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ተርፈዋል። እሷ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ልጁ አሁን የብስክሌት ጎማ ሊያስነፋ ጋራዡ ይመጣል፣ እኔ ዓይኑን ማየት አልወድም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። እነዚህ ሰባዎቹ የምንላቸው ላንድ ክሩዘሮች ከ1984 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው። ኮብራ ይገዛ ያለም ሰው አልጠፋም። ሚኒስትር ልንጭን ነው እንዴ? እሱን ተዉት። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ አታስገባም። ስለዚህ እዚህ የምታዩት አሮጌ ሁሉ እዚሁ አገር ሲለፋ የኖረ ነው። በማን እጅ እንደኖረ መጠየቅ ከዋጋው ይቀድማል።

ሦስት መኪና አየን። አንዱ የ90ዎቹ ሃርድቶፕ፣ ከሁሉም ርካሹ። ሁለተኛው ከ2000 በኋላ የተሠራ ሃርድቶፕ። ሦስተኛው ባለ ቪኤይት ናፍታ ሞተር አዲስ ደብል ጋቢና። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ለመለየት ደላላ አትስሙ፣ የጎማውን ዳዶ ቁጠሩ። እስከ 1999 የተሠራው ስድስት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አምስት። የፊት ባሌስትራውም ያን ጊዜ በሞላ ተተካ። ለጤነኛ ሰው ልዩነቱ የወገብ ሕመም ነው፣ ለምታምጥ ሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የ90ዎቹን ያኔውኑ ጣልኩት። ሁለቱም ሞተራቸው አንድ ነው፣ ያው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍታ፣ ያለ ቱርቦ፣ ያለ ኮምፒውተር።

ክርክሩ የከረረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አዲሱን ፈለገ። እኔ እንደ ሽማግሌ ወግ "ኮምፒውተር ያለው መኪና በረሃ ላይ አይሆንም" ብዬ ልዘጋው ስል፣ "ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ የ2011ን ሌሊት ኮምፒውተር ነው ያቆመው?" አለኝ። ዝም አልኩ። "የቪኤይቱ ሞተር እኮ ቺንጋ የለውም፣ በሰንሰለት ነው የሚሠራው" ሲል ጨመረበት። እውነቱን ነው። ጉልበቱም 200 ፈረስ ያህል ነው፣ የአሮጌው 130 ገደማ። ያየነው ደብል ጋቢና ኤቢኤስ ፍሬን አለው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ዞሮ ቀበቶ አስሮ ይቀመጣል። ሃርድቶፑ ላይ ግን ከኋላ ፊት ለፊት በሚተያይ አግዳሚ ላይ ነው፣ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። መኪናው ቢገለበጥ የታመመው ሰው ምን ይሆናል? እንዲህ ሲያስረዳ የስብሰባው ግማሽ ወደ እሱ አዘነበለ፣ እኔም ልቤ ተከፈለ።

በማግስቱ ከምንቀዳበት በርሜል አንድ ጠርሙስ ናፍታ ቀድቼ መደርደሪያ ላይ አሳደርኩ። ጠዋት ሥሩ ላይ ሁለት ጣት ውሃና ቡናማ ጭቃ ተኝቷል። ጠርሙሱን ለቀጣዩ ስብሰባ ይዤው ሄድኩ። ውሃው ብቻ አይደለም። ናፍታ በነጭ ጋዝ እየተበረዘ ስላስቸገረ የኬንያ መንግሥት በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ተጨማሪ ቀረጥ እስከመጣል ደርሷል። የአዲሱ ሞተር ኮመን ሬል ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ ጨምቆ ነው የሚረጨው። እንዲህ ያለ ውሃ ከገባበት ኢንጀክተሩ ይበላል፣ መኪናው ይቆማል፣ ለማሠራትም ስካነርና ዋጋው የማይነካ ዕቃ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። የአሮጌው ፖምፓም ቆሻሻ ናፍታ ይጎዳዋል፣ አልዋሽም። ግን እያጨሰም እያነከሰም ቢሆን ቤት ያደርሳል፣ ኢንጀክተሩንም እኔ ራሴ አወርደዋለሁ።

ልጁ ጠርሙሱን አገላብጦ አየና "እሺ ጋሼ፣ ግን አግዳሚዎቹ ይነሳሉ" አለ። ተስማማሁ። አንዱ አግዳሚ ወልቆ ቃሬዛው በቡሎን ወለሉ ላይ ይታሰራል። በሌላው ፋንታ ቀበቶ ያላቸው ሁለት ወንበሮች ወደ ፊት ዞረው ይገባሉ። ይህን ሐሳብ ያመጣው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ በቃለ ጉባኤውም እንዲሁ ይጻፍ።

ሁለተኛውን መኪና ገዛን። ሎግቡኩ ያለ ፈቃድ ወጥቶ መግባት በሚችለው የቱርካና ሸሪካችን ስም ነው፣ የጽሑፍ ስምምነቱ እድሩ ጋ አለ። ሞተሩ ስንት ኪሎሜትር እንደሠራ ማንም ስላላመንኩ፣ አንድ ሰው ሳይሳፈርበት ቺንጋውን ቀየርኩ። የተቀየረበትን ቁጥር በቀለም ኮፈኑ ውስጥ ጽፌዋለሁ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ መካኒክ እንዲያየው። አምፖሉንም አይቻለሁ፣ ቁልፉ ሲከፈት ይበራል።

አሁን የጎደለን የሌሊት ተረኛ ሾፌር ነው። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ስማችሁን ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ። ናፍታ የምትቀዱም ባለማጥለያውን ፈነል ከጋራዡ ውሰዱ፣ ስትጨርሱ መልሱልኝ።