ዳጣ ዶት ኮም

የድረ ገጽ ስም ዋጋ የሚፈተነው አረካ መናኸሪያ ላይ ነው። ባጃጁ ይንጫጫል፣ ረዳቱ «ሶዶ! ሶዶ!» ይላል፤ በዚያ መሀል ስምህን ለአንድ ሰው ጮክ ብለህ ንገረውና ስልኩ ላይ ይጻፈው። ሳይጠይቅህ ከጻፈው ስሙ ገንዘብ ያወጣል። «በአንድ ቲ ነው በሁለት?» ካለህ ዋጋው ወርዷል። «ቆይ፣ በቴሌግራም ላክልኝ» ካለህማ ተወው።

ዳጣና ቅቤ በኢንተርኔት ሊሸጥ የተነሣ አንድ የሰፈር ልጅ፣ «ወላይታ» ያለበትን ስም የያዘ ሰው 50 ሺህ ብር እንደጠየቀው ነግሮኝ አማከረኝ። ችግሩ ወላይታን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት መንገድ መብዛቱ ነው። የሶዶው ዩኒቨርሲቲ በ«አይ» እና በአንድ «ቲ» ይጽፋታል፤ ዓለም አቀፉ የቋንቋዎች መለያ ዝርዝር በ«አይ»ም በ«ዋይ»ም አስገብቷት፣ ሁለቱንም ባለ ሁለት «ቲ» አድርጓቸዋል። ታፔላዎቹንማ ተዋቸው። አንዱን ገዝተህ ሌላውን ከተውክ ደንበኛህ የጎረቤት በር ያንኳኳል።

የከተማችን ስም «አረካ» በአንጻሩ እንደተጠራች ትጻፋለች፣ በላቲን አምስት ፊደል። ግን አረካን ስልኩ ላይ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ዳጣ አምሮት አይደለም። እዚያ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በእንሰት የታወቀ ነው፤ «ቦሎሶ-1» የተባለችው ጎደሬም ከዚያው የወጣች ናት። ተማሪውና ተመራማሪው ገጽህን ከፍቶ፣ በርበሬ አይቶ ይወጣል። ጎብኚ ሌላ፣ ገዢ ሌላ።

«ጋሼ፣ ዳጣ ዶት ኮምስ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። ዳጣ በላቲን «ዳታ» ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ያ አድራሻ ደግሞ ሴልስፎርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ምርቱን ሰይሞበት የነበረ ነው። የእናቱ ድስት ከሲሊከን ቫሊ ጋር ሊካሰስ! እንዲህ ያሉ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ዋጋቸው ሰማይ ነው፤ «ቮይስ ዶት ኮም» እ.ኤ.አ. በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህን የሰማ ሁሉ የያዛት ስም ወርቅ ትመስለዋለች። ፈላጊ ከሌላት ግን ዋጋዋ የዓመት ክፍያዋ ብቻ ነው፤ ለዶት ኮም ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ።

ዶላሩ ትንሽ ነው፣ ጭንቁ መክፈያው ነው። የውጭ ካርድ ያለው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ስለሆነ ስሙ በአክስት ልጅ ኢሜይል ይመዘገባል። ዘመድ ይረሳል፣ ይኳረፋል፣ ኢሜይል ይቀይራል። የእድሳቱ ቀን ካለፈ ማሸጊያው ላይ የታተመው ስም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔ ስም ስገምት ከፊደሉ እኩል የማየው በማን ኢሜይል እንደተያዘ ነው። ዶት ኢቲን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ደጃፉ ሄደህ ትከራከራለህ። «ዶት ኮም ዶት ኢቲ» እያሉ መጥራቱ ግን ትንፋሽ ይጨርሳል።

በመጨረሻ «አረካ ዳጣ» ላይ ተስማማን፣ በራሱ ኢሜይል። 50 ሺህ ብሩን ክዳኑ ለማያፈስ ማሸጊያ አውለው አልኩት። ዳጣ ሚኒባስ ውስጥ ሲፈስ የሚያመጣውን ጣጣ አጠገቡ የተቀመጠ ያውቀዋል።