ጢጥ እስኪል ድረስ

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ካፌ የመቀመጥ ልማድ የነበራችሁ እንደሆነ፣ ጎረምሳው ማኪያቶውን ከማዘዙ በፊት ጠረጴዛው ላይ የሚደረድራቸውን ነገሮች አትረሷቸውም፤ የመኪና ቁልፍ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ ከዚያም ሁሉም ሰው እንዲያያት ተደርጋ የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ጥቁር የፕላስቲክ ማኅደር። ውስጧ ያለው የመኪና ቴፕ ፊት ነው፤ «ፌሱ» እንለው ነበር። ሲዲ የሚያጫውቱት ቴፖች ያን ጊዜ ፊታቸው ተነቅሎ ይወጣ ነበርና፣ ፊት የሌለው ቴፕ ደግሞ ለሌባ ስለማይረባ፣ ባለመኪናው መኪናውን ሲያቆም ፊቱን ይዞ ይወርዳል። ነገሩ የተፈለሰፈው ለጥንቃቄ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ለጥንቃቄ ብቻ አልዋለም። «መኪና አለኝ» ብሎ በአፍ መናገር ስለሚያሳፍር ማኅደሯ ትናገርለታለች። ማኅደሯን ብቻ ከመርካቶ ገዝተው፣ መኪናው የት እንደቆመ ሳይታወቅ ለዓመታት የተንቀባረሩም እንደነበሩ እጠረጥራለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል።

የእኛ ቤተሰብ ቴፕ የነበረው በእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በጋሼ መኪና ውስጥ ነው። መኪናዋ ነጭ ዲኤክስ ነበረች፤ የቤንዚን፣ ፀሐይ የመታው ፕላስቲክና እማዬ ከወፍጮ ቤት ስታስመልስ የተበተነ የበርበሬ ሽታ ተደባልቆ ወንበሯ ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ የፊተኛውን በር የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያስነጥስ አይገባም ነበር። መጀመሪያ የነበራት ቴፕ ካሴት የሚበላ ነው፤ መብላቱን የምለው በእውነት ነው፤ ክሩን ከአፉ መዝዘን በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ወደ ቦታው ስንመልሰው፣ የተጨማደደው ቦታ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጋሼ ገንዘብ አጠራቅሞ ሲዲ የሚያጫውት ለማስገጠም የሄደ ዕለት እኔም ከኋላ ወንበር አልወርድም ብዬ አብሬ ሄድኩ።

ገጣሚው ልጅ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ዳሽቦርዱን ፈትቶ፣ ሽቦዎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በጥርሱ እየላጠ እግረ መንገዱን ያስረዳን ነበር። ጥቁሩ ከመኪናው ቦዲ ጋር ይታሰራል። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ መብራት ያገኛል። ቢጫው ግን በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው፤ መኪናው ቢተኛም እሱ አይተኛም፤ ሰዓቱንና ያስቀመጣችሁትን ጣቢያ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩና ቢጫው ከተለዋወጡ ቴፑ ይሠራል፤ ነገር ግን መኪናው በጠፋ ቁጥር የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ ያድራል። ጋሼ ይህን በአንክሮ ሰማ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም እኛ ቤት ውስጥ ዕቃ የረሳ፣ መልእክት የረሳ፣ የቤት ሥራውን የረሳ ሁሉ «ቢጫው ሽቦ ተነቅሎበታል» ይባል ጀመር። አያቴ ሳትቀር ስለ ጎረቤቷ እንዲህ ስትል ሰምቻታለሁ፤ ሽቦውን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

እማዬ ደግሞ ከኋላ መስታወቱ ሥር የተቀመጡት ሁለት ሞላላ ስፒከሮች ራቁታቸውን መቅረታቸው አልጣማትም፤ ነጭ ዳንቴል ሠርታ አለበሰቻቸው። ጋሼ «እትዬ፣ ድምፁን ያፍነዋል እኮ» ቢላት፣ «ቤት ያለው ሬዲዮ ይሄን ሁሉ ዓመት ዳንቴል ለብሶ ሲለፈልፍ መቼ ታፈነ?» አለችው። መልስ አልነበረውም። ባሱ ሲመታ የዳንቴሉ ጠርዝ ይርገበገብ ነበር፤ ከኋላ የተቀመጥን ልጆች ዘወር ብለን ተንበርክከን እሱን እናያለን።

አሁን ወደ ቁልፎቹ ልውሰዳችሁ። በግራ በኩል ክብ የድምፅ መዘውር አለ። ከሰማያዊዋ መብራት በታች ደግሞ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው፣ ለወፍራም ጣት የማይመቹ ስድስት ቀጫጭን ቁልፎች ተደርድረዋል። ጣቢያ ማስቀመጥ ሥርዓት ነበረው። ባንዱን መርጦ ቀስቱን ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ቁጥሩ ከ87.5 ተነሥቶ ወደ 108 ሽቅብ ይሮጥና ድምፅ ያገኘ ጊዜ ቀጥ ይላል። ያኔ ከስድስቱ አንዱን ተጭኖ መያዝ። ቶሎ ከለቀቃችሁት ቀድሞ ወደተቀመጠው ጣቢያ ይዟችሁ ይሄዳል፤ ትንሽ ከታገሣችሁት «ጢጥ» ይላል፤ ያዘ ማለት ነው። ጋሼ ጢጥ እስኪል ድረስ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ እኛም አብረነው።

ችግሩ ቁልፉ ስድስት፣ ጣቢያው አንድ መሆኑ ነበር። የከተማችን የመጀመሪያው የኤፍ ኤም ጣቢያ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ1992 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት ቀስቱ ከየትም ቢነሣ የሚያርፈው እዚያው ነው። ጋሼ ባዶ ቁልፍ ማየት አይወድምና ስድስቱም ላይ 97.1ን ሞላባቸው። እኔና ታናሽ እኅቴ ግን በዚህ አልተስማማንም፤ እኔ 4ን ስጫን ጥርት ብሎ ይሰማል እላለሁ፣ እሷ ደግሞ ከ2 የሚበልጥ የለም ትላለች፤ በዚህ ጉዳይ ፀጉር እስከ መጓተት ደርሰናል።

ፋና 98.1 እና በ2000 ሸገር 102.1 ሲመጡ ነው ቁልፎቹ ባለቤት ያገኙት። 1 የጋሼ ሆነ፣ ለስፖርቱ። 2ን እማዬ ለሸገር ወሰደች። የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» የተጀመረ እንደሆነ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ወሬ የለውም፤ መንገዱ ቢያልቅ እንኳ እንግዳው ሳይጨርስ መውረድ ነውር ነው። ግቢያችን በር ላይ ደርሰን፣ ሞተር ጠፍቶ፣ እማዬ የሽንኩርት ፌስታሏን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ጋሼ መሪው ላይ ተደግፎ፣ የማናውቀውን ሰውዬ የልጅነት ታሪክ ስንሰማ ጎረቤት በአጥር በኩል «ደህና ናችሁ? ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጠይቆናል።

ሞተር አጥፍቶ ሬዲዮ መስማት ባትሪ ይጨርሳል። ይህን ያስተማረኝ ከዲኤክሷ በፊት ያየሁት አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው። ቀኑ መስከረም 15፣ 1993፣ የደመራ ዋዜማ ነበር፤ መንገዱ ዳር አደይ አበባና ችቦ ይሸጣል። እኩለ ቀን ገደማ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜውን ይሮጣል፤ ባለላዳው ጥግ ይዞ ቆሞ፣ አራቱንም በር በርግዶ፣ ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ለቀቀው። መጀመሪያ ሊስትሮዎቹ መጡ፣ ቀጥሎ አበባ ሻጮቹ፣ ከዚያ ማን እንደመጣ አይታወቅም። ሬዲዮ ላይ ሩጫ ሲሰማ ሯጩ አይታይም፤ የሚታየው የሚሰማው ሰው ፊት ነው። መጨረሻው ዙር ላይ ኃይሌና ፖል ቴርጋት ትከሻ ለትከሻ ሲመጡ፣ ከፊቴ የነበሩት አንድ ሽማግሌ የላዳውን በር ጨምድደው ይዘው በእግራቸው ባሉበት ይረግጡ ነበር። ኃይሌ የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ። እልልታው በርዶ ሾፌሩ ቁልፍ ቢያዞር ላዳዋ ትን አላለችም። ይህን ያህል ሰው መኪና ለመግፋት ሲሻማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። እኔም የኋላ መብራቷን በመዳፌ ነክቻለሁ፤ ለጓደኞቼ ግን የገፋኋት እኔ እንደሆንኩ ነው የተናገርኩት።

ሲዲው ሌላ ዓለም ነበር። ጫፉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ አፉ ማስጠጋት ነው፤ ግማሹ ሲገባ ራሱ ይቀበላችኋል፣ ከዚያ በኋላ መግፋት የለም። ውስጥ የሆነ ነገር ሽር ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ክራሩ ይመጣል። ያቺ ዝምታ አታልቅም ነበር። ሲዲ የሚነበበው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ውጭ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምንጨብጠው ጠርዙን ነው፤ ስለዚህ የሚጎዱት ዘወትር የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ናቸው። የስንቱን አልበም አሥረኛ ዘፈን ሳልሰማ አድጌያለሁ! የቆሸሸ ሲዲ «ሃ» ተብሎ ተተንፍሶበት በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ዙሪያውን ሳይሆን ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ተደርጎ ነው። የተጫረውን ኮልጌት ቀብተው የሚያድኑ አዋቂዎችም ነበሩ። አልፎ አልፎ ይድናል።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ጉድጓድ ነበር። ጋሼ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ጎማው እዚያ ሲገባ የቴፑ ዓይን መሥመሩን ይስታል፤ ዘፋኙ አንዲት ቃል ላይ ተይዞ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግማታል፣ ከዚያ ዘልሎ ሌላ ቦታ ያርፋል። ልጆች ነንና ዘፈኑን የቀሰምነው ከነመንተባተቡ ነው። ዛሬም ያንኑ ዘፈን ሠርግ ላይ ንጹሕ ሆኖ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለኛል፤ እኅቴ ካለች ዞር ብላ ታየኛለች፣ ሁለታችንም እቦታው ላይ እንንተባተባለን። በ1997 የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ሲወጣማ ሲዲ ያለው የሌለው አልነበረም፤ በእግር የሚሄድ ሰው ከአንዱ ታክሲ የጀመረውን ዘፈን ከሚቀጥለው ታክሲ ይጨርሰው ነበር።

ሲዲ የሚናፈቀው ግን ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አያቴ ዘንድ ስንወርድ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ተራራ አይዞርም። ሰንዳፋን አልፈን ወደ ሸኖ ስንጠጋ ተናጋሪው መሃል መሃል ላይ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል፤ እማዬ ድምፁን የምትመልሰው ይመስል ወደ ፊት ትጠጋለች። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ተጠጥቶ፣ ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱና ጉሙ በመስኮቱ ይገባል፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ መካከለኛ ሞገዱም ድምፁ ይጠፋል። ጋሼ ይህን ጠብቆ ነው ሲዲውን የሚያጎርሰው። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሯችን ድፍን ይላል፣ እየዋጥን እንከፍተዋለን፤ ደብረ ሲና ላይ የተገዛው ትኩስ ቆሎ እጅ ለእጅ ይዞራል። ማታ ስንመለስ ጋሼ ወደ መካከለኛ ሞገድ ይመልሰዋል፤ ሲመሽ ያ ሞገድ ከሰማይ እየነጠረ ሩቅ ስለሚሄድ፣ ቀን የማይሰሙ ጣቢያዎች ከቀይ ባሕር ማዶ በዓረብኛ ይመጣሉ። ማናችንም ቋንቋውን አናውቅም፤ ጋሼ ግን ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥ ነበር።

ዲኤክሷ ተሸጣ በምትኳ ቪትዝ መጣች፤ ከጃፓን ወጥታ፣ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮላት። መስታወቷ ይዘጋል፣ ወንበሯ አይሸትም፤ ጋሼ ተደስቶ ሬዲዮኑን ቢከፍት ግን 97.1 የለም፣ 102.1ም የለም። ያን ጊዜ ለጃፓን የሚሠራ ሬዲዮ ከ76 ተነሥቶ 90 ላይ ነበር የሚያበቃው፤ የእኛ ጣቢያዎች ከጣሪያው በላይ ነበሩ። ኤሌክትሪሻኑ የአንቴናው ሽቦ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ አስገባልን፤ የሚመጣውን ቁጥር በ14 ዝቅ ታደርገዋለች። ከዚያ ወዲያ ሸገር በጋሼ መኪና 88.1 ላይ ሆነ፤ ሰው ጣቢያ በጠራለት ቁጥር ጣቱን እያጠፈ ይቀንሳል።

ቪትዟ ሌላም ጉድ ነበረባት። ቁልፍ ሲዞር አንዲት ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ በጃፓንኛ አንድ ነገር ትናገራለች። ጋሼ ምን እንደምትል አያውቅም፤ እማዬ ግን ምርቃት ነው ብላ ስላመነች በየጠዋቱ «አሜን፣ አንቺንም ይጠብቅሽ» ትላት ነበር። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ሲግባቡ ኖረው፣ አንድ ቀን ጃፓን ተምሮ የመጣ የዘመድ ልጅ አብሮን ተሳፈረና ነገሩን ገለጠው፤ ሴትዮዋ የፈጣን መንገድ መክፈያ ካርድ አልገባም እያለች ነው፣ እዚያ አገር ካርዱ ካልገባ የክፍያው በር አይከፈትም አለን። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትለምንህ ካርዷን ለምን አትገዛላትም?»