መቼ ጀመረ?

እዚህ ጁባ፣ ቡሉክ ሰፈር፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሐበሻ ድንገት መቀባጠር ከጀመሩ፣ እግራቸው ከከዳቸው ወይም አፋቸው ከተሳሰረ፣ ከቤተሰቡ የሚሰማው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ወባ ነው»፣ ወይ «ዕድሜ ነው»። ሁለቱም ምርመራውን ገና ሳይጀመር ይዘጉታል።

ወባን አልንቅም። ጁባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አለ፤ ጭንቅላት ላይ ሲወጣም ይገድላል። መመርመሩ ግዴታ ነው። ችግሩ ውጤቱ «አለ» ሲል ሁሉም እፎይ ብሎ መቀመጡ ነው። ፈጣኑ መመርመሪያ የሚያየው ተህዋሱ የሚተወውን ፕሮቲን ስለሆነ፣ ባለፈው ወር ታክመው የዳኑ ሰው ዛሬም «አለ» ሊባሉ ይችላሉ። ታይፎይድ ለማየት የሚሠራው ዊዳልማ ከዚህም የባሰ ነው፤ ስንቱን ጤነኛ በሽተኛ አድርጎታል።

እኔ ነርስ ነኝ። በሽተኛ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንደጀመረና እንዴት እንደመጣ ነው። በደቂቃ ውስጥ የመጣና በስድስት ወር የመጣ ሕመም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጥያቄዬ የሚውጡት መድኃኒት ነው፤ «ያለውን ሁሉ በፌስታል አምጡልኝ» እላለሁ።

አንዲት ልጅ «እማ ሽባ ሆነችብኝ» እያለች እናቷን ደግፋ ገባች። ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሏል፣ ቃል አይወጣቸውም። ሁሉም ስትሮክ ብሏል። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ እናትየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ የስኳር ኪኒናቸውን ግን ጠዋት ጠዋት አላቋረጡም። ፌስታሉ ውስጥ ግሊቤንክላማይድ ነበረ። ጣታቸውን ብንወጋ ስኳራቸው ወደ 38 ወርዷል። በደም ሥር ግሉኮስ ተሰጣቸውና ብዙም ሳይቆዩ «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የከበባችሁኝ?» አሉን። ልጅቷ ወዲያው ወደ ቤት ልትወስዳቸው ነበር። ይህ መድኃኒት ግን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ሌሊቱን እየተለካላቸው አደሩ።

ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው እንደ እርጅና የሚታለፈው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒና ለዓመታት የወሰዱ፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚጾሙ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። እግር ይደነዝዛል፣ በጨለማ መሄድ ይከብዳል። ፊታቸውን ሲታጠቡ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚንገዳገዱ ከሆነ ልብ በሉ፤ እግራቸው የት እንዳለ የሚነግራቸው ዓይናቸው ብቻ ሆኗል ማለት ነው። መርፌው ርካሽ ነው፤ ከዘገየ ግን የተጎዳው ነርቭ ሁሉ አይመለስም።

ከወር በፊት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ጭንቅላታቸውን መመታታቸውንም ማንም አያስታውስም። ያን ቀን ተነሥተው ቡና ጠጥተዋላ! በዕድሜ የገፋ ሰው የራስ ቅሉ ውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ ድብታ፣ የአንድ ጎን መዛል ይመጣል። ሲቲ ስካን ያሳየዋል፣ ቀዶ ጥገና ያወጣዋል። ስትሮክ መስሎ አፋቸው ድንገት ከተጣመመም ሲቲ ስካን ሳይታይ አስፕሪን አታጉርሷቸው፤ ደም ፈስሶ ከሆነ ያባብሰዋል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም ቢገኝ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

አንድ ደግሞ የዚህ አገር ነገር አለ። ለንግድ ዬይ ወይም ካጆ ኬጂ ከርመው የመጡ ሰው ቀን የሚያንቀላፉ፣ ሌሊት የሚባንኑ፣ ጠባያቸው የተለወጠ ከሆነ የእንቅልፍ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው፣ በከብት ላይ ገንዲ የምንለው በሽታ ዘመድ። እዚህ ያለው ዓይነት ከወራት እስከ ዓመታት ይጎተታል፤ ከመርሳት በሽታ ጋር ቢምታታ አይገርምም። ለሕክምና አዲስ አበባ ሲላኩ የሚያያቸው ሐኪም ደግሞ ዬይ እንደነበሩ ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

ብዙዎቻችን ሲብስ አሳፍረን ወደ አዲስ አበባ ነው የምንልካቸው። የነርቭ ሐኪም አሁንም ብርቅ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሥልጠናው የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቀው ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጠው፣ ቦሌ የተቀበላቸውና ለአምስት ዓመት ያላያቸው የወንድም ልጅ ይሆናል። «መቼ ጀመረ?» ሲባል «ቆይቷል መሰለኝ» ይላል። ለትኬት ገንዘብ ካዋጣችሁ አይቀር፣ አብራቸው የምትሄደው እነሱ ክፍል የምታድረው ልጅ ትሁን፤ ፌስታሉንም ይዛ።