አስታማሚዋን ማን ይጠይቃታል?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ የሽሮ ሜዳን የሸማ ሱቆች አልፎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ፣ ጠመዝማዛውን ዳገት እንደ ጀመረ ከባሕር ዛፉ መካከል የሚወርደው ብርድ ይቀበለዋል። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከታች በነጠላ የወጣ ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ሆኖም መኳንንቱና ሠራዊቱ ብርዱን ሽሽት፣ ፍል ውሃውንም ፍለጋ ወደ ሜዳው ወረዱ። ከተማው እንዲህ ሲወርድ፣ ሕመምተኛው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ላይ መውጣቱን አልተወም።

ስለ እንጦጦ ጠበል ብዙ ተነግሯል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ግን ሕመምተኛውን ደግፎ ስለሚያመጣው ሰው ነው፤ ይኸውም እናት፣ እኅት፣ ሚስት፣ አልፎ አልፎም ባል ወይም ወንድም ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሥራው ስም «አስታማሚ» ይባላል።

ጎሕ ሳይቀድ ሰልፉ ይጀመራል። ሁሉም እህል አልቀመሰም። አስታማሚዋ በአንድ እጇ ጀሪካን፣ በሌላው የሕመምተኛውን ክንድ ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ካህኑ ሲያጠምቁ የሚጮኸውን ትይዛለች፤ የወደቀውን ታነሣለች፤ የረጠበውን ልብስ ለውጣ፣ ደረቁን አልብሳ፣ ወደ ተከራየቻት ጠባብ ክፍል ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ እሳት መለኮስ፣ በሶ መበጥበጥ፣ ልብስ ማጠብ አለ። አእምሮው የታወከ ጎልማሳ ልጅ ያላት አንዲት እናት ሌሊት የምትተኛው የመቀነቷን ጫፍ ከልጇ ክንድ ጋር አስራ እንደ ሆነ አጫወተችን። ልጁ ሲነሣ እርሷም ትነሣለች። እንዲህ ያለው እንቅልፍ ስንት ዓመት እንደ ሆነው ስንጠይቃት ሳቀች እንጂ አልመለሰችልንም።

በቋንቋችን ለአስታማሚ የምንሰጠው ምርቃት «ይማርልሽ» የሚል ነው። መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ላስተዋለው ምርቃቱ እንኳ የሚያልፈው ወደ ሌላው ነው። ጠያቂ ሁሉ መጥቶ «ዛሬስ እንዴት አደረ?» ይላል። እርሷ እንዴት እንዳደረች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህም ራስ ምታቷን፣ የወገቧን ሕመም፣ ምክንያቱን የማታውቀውን ልቅሶ ደብቃ ትኖራለች። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በታመመው ሰው ላይ የሚነሣባት ቍጣና ከቍጣው በኋላ የሚመጣባት ጸጸት ነው። ይህ የክፋት ምልክት ሳይሆን የድካም ምልክት መሆኑን የሚነግራት የንስሐ አባት ያገኘች እንደ ሆነ ዕድለኛ ናት። ከሕመምተኛው ጋር አብራ በመጾም ጕልበቷን የጨረሰችም ብትኖር ይህንኑ ለንስሐ አባቷ ማማከር ይገባታል።

ሌላም ስውር ሸክም አለ። በሐኪምና በጠበል መካከል የተጨነቀች አስታማሚ፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል የታዘዘውን ክኒን ከጎረቤት ሸሽጋ የምታስውጥ፣ ወይም ፈርታ የምታስቀር አለች። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ. ም. ጠበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ሕመምተኛውም ሁለቱንም እንዲወስድ ባስተማሩ ጊዜ፣ ከብዙ ቤተ ሰብ ጫንቃ ላይ አንድ ጭነት ወርዷል ብለን እናምናለን። የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበትም ቤት ይህንኑ ምክር ቢሰማ መልካም ነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ ያን ጊዜ ዳግመኛ ሌሊቱን የምትነቃው እርሷው ናት።

ድካሙ በእኛ አገር ብቻ የታወቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ባዘጋጀው ሥልጠና ውስጥ የወላጆቹ የራሳቸው ደኅንነት አንድ ክፍል ሆኖ ገብቷል፤ ሥልጠናውም በኢትዮጵያ ተሞክሯል። ይሁን እንጂ ሥልጠና ያልደረሰበት ቤት ብዙ ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ጎረቤት አለ።

እዚህ ላይ እድራችንን እናንሣ። ሰው በሞተ ዕለት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤት ሐዘንተኛውን ብቻውን አያሳድርም። ለሦስት ቀን ሐዘን እንዲህ የተደራጀን ሕዝብ፣ ዐሥር ዓመት ለሚቆይ ሕመም አንዲት ሌሊት እንኳ ተራ አለመመደባችን ያስገርማል። (የእድር ዳኞች ይህን ቢያነቡ አይቀየሙን፤ ሥርዐቱን የምናነሣው ስለምናከብረው ነው።)

በእንጦጦ ግን ተራ የሚባለውን ነገር ያለ መተዳደሪያ ደንብ ሲሠራበት አየን። በአንድ ግቢ ክፍል የተከራዩ ሦስት አስታማሚዎች፣ አንዷ ከጎጃም፣ አንዷ ከወሎ፣ አንዷም ከዚያው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሌሊቱን ተካፍለውታል። አንደኛዋ ስትነቃ ሁለቱ ይተኛሉ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደግሞ አንዷ ምንም ሳትሠራ እንድትውል ተስማምተዋል። እኛ በደረስንበት ዕለት ተራው የወሎዋ ነበረ። ጠጕሯን በፀሐይ ስታሠራ አገኘናት፤ የታመመችው እኅቷም ከሌሎቹ ጋር ቡና ታጣጣለች። ስለ እኅቷ ጤንነት ልንጠይቅ ስንጀምር የምትሠራት ሴት አቋረጠችንና «ዛሬ ስለ እርሷ ጠይቁ» አለችን።