ሞተር የሚያዳምጥ ካቻቪቴ

ሞተሩ ተነስቶ ሲንተከተክ መካኒኩ ረጅሙን ካቻቪቴ ያነሳል። ጫፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ለባለመኪናው ሁሉም ነገር አንድ ጩኸት ነው። ለእሱ ግን በዘንጉ ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ይመጣል፦ የኢንጀክተሩ መንኳኳት፣ የቫልቩ ትክትክታ፣ የተበላ ኩሽኔታ ጉርምርምታ። ካቻቪቴውን ሁለት ጣት ያህል ገፋ ያደርገዋል፤ ደግሞ ያዳምጣል። ‹‹እዚህ ጋ ነው›› ይላል።

በመቀሌ የቤተሰብ ጋራዦች ይህን ያስተማረ መጽሐፍ የለም። ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ ነው የሚማረው። አባት መኪና ሥር ተኝቶ ሳያይ እጁን ይዘረጋል፤ ‹‹አሥራ ሰባት!›› ሲል ልጁ 17 ቁጥር መፍቻ መዳፉ ላይ ያኖርለታል። እንዲህ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ ቁጥር ያውቃል፤ ቁጥሩ ግን ከ14 ቀጥሎ 17፣ ከ17 ቀጥሎ 19 የሚመጣበት የጋራዥ ቁጥር ነው። ከጎረቤት የመጡ ረዳቶችም ባለቤቱን ‹‹ኣቦይ›› እያሉ ነው የሚጠሩት፤ አባቴ ማለት ነው። ቤተሰብና ሥራ ቤት የሚለዩበት መስመር እዚያ ላይ ይጠፋል።

የጋራዡ ቋንቋ የመጣው ከጣሊያን ነው። የጣሊያን ጦር መቀሌ የገባው በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ መንገዱንና የመኪናውን ስም ትቶ ሄደ። ቃላቱ ሲፈቱ ደስ ይላሉ። ካንዴላ ሻማ ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ ዘንግ የሚያርፍበት ትራስ። ባሌስትራ ቀስት ነው፤ ማርሚታ ድስት። ካቻቪቴ ደግሞ ቡሎን አባራሪ እንደ ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ሞርሳ፣ ጓርኒሲዮን፣ ጎሚስታ ሁሉ ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። በአማርኛም በትግርኛም ብዙ ሳይለወጡ ይነገራሉ፤ የአዲስ አበባና የመቀሌ መካኒክ በሌላ ነገር ባይግባቡ በእነዚህ ይግባባሉ።

መቀሌን የጋራዥ ከተማ ያደረጋት መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና አላማጣ ሲደርስ የግራ ካሕሱን ተራራ ጥምዝምዝ ይወጣል፤ ኮረምንና ማይጨውን አልፎ አምባ አላጌን ይሻገራል። ሽቅቡ ሞተርና ፍሪሲዮን ይበላል፤ ቁልቁለቱ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል። ሾፌሩ ከተማው ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው መካኒክ ነው።

የዚያ መንገድ ንጉሥ ኤንትሬ ነበር፤ በሙሉ ስሙ ፊያት 682 ኤን 3። ፊያት 682ን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራው፣ ለአፍሪካ መንገድ የተፈጠረ ይመስል አህጉሩን ሞላው። ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በመዶሻ፣ በመፍቻና በትዕግሥት ተፈትቶ የሚገጠም ነበር። ጓርኒሲዮን ከጠፋ መካኒኩ ወፍራም ወረቀት ብረቱ ላይ ያነጥፋል፤ በትንሿ መዶሻ ክብ ራስ ጠርዝ ጠርዙን እየዞረ ቀስ ብሎ ይመታል። ወረቀቱ በብረቱ ስለት ላይ ራሱ ይቆረጣል፤ የቡሎኑ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ይህን የሚያይ ልጅ እስኪያልቅ አይንቀሳቀስም።

መሣሪያም እንዲሁ ይወለዳል። መደበኛው መፍቻ የማይደርስበት ቡሎን ሲገጥም አንዱ መፍቻ በእሳት ግሎ ይቆለመማል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ለዚያ ቡሎን ብቻ ይኖራል። የተሰበረ ባሌስትራ መሮ ይሆናል፤ አንጥረኛ እጅ ከገባም ማረሻ። በአንድ የቤተሰብ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት መፍቻዎች መካከል የትኞቹ ከሱቅ እንደመጡ፣ የትኞቹ እዚያው እንደተፈጠሩ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። እሱ ሲሞት የቆለመመው ብረት ቁርጥራጭ ተብሎ በኪሎ ይሸጣል። የሚያንገበግበው ይህ ነው። መቀሌ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ስታነሳ፣ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ አናጺ እንደሠራው በኩራት ትናገራለች። የባለሙያ እጅ እንዲህ ከተከበረ፣ የጋራዡ ግድግዳም ቢያንስ አንድ የሙዚየም ክፍል ይገባዋል።

የኤርትራ ድንበር በግንቦት 1990 ሲዘጋ ከአስመራ ጋር የነበረው መስመር ተቆረጠ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ተዘጋ። ከሁሉ የከፋው ግን በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ ከሰኔ 21 ቀን 2013 በኋላ የመጣው ነው። ነዳጅ ጠፋ፤ ባንክና ስልክ ተቋረጠ። ከተማው በእግር፣ በብስክሌትና በፈረስ ጋሪ ተንቀሳቀሰ። የመኪና ሥራ ሲቆም ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ዝምታ ከባድ ነው፤ መኪኖች ጎማቸው እንዳይበላሽ ድንጋይ ላይ ተሰቅለው አቧራ ይለብሳሉ። ያኔም ቢሆን ጋሪው የሚሽከረከረው በመኪና ጎማና በመኪና ኩሽኔታ ስለሆነ ቅባትና መፍቻ ይፈልጋል።

ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ነዳጅ ሲመለስ መኪኖቹ ወዲያው አልተነሱም። ቆሞ የከረመ ሞተር ፒስተኑ ይጣበቃል፤ ነዳጁ ይረጋል፤ ባትሪው ይሞታል። ቸኩሎ ቁልፍ ያዞረ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል። የሚያውቅ ሰው ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን ፈትቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ያደርግና ያሳድረዋል። በማግስቱ ሞተሩን በእጁ ያዞረዋል፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ብረቱ እስኪላቀቅ።

ዛሬ የአዳዲሶቹን መኪኖች ስህተት ስካነር በቁጥር ይናገራል፤ ወጣቶቹም ጎበዞች ሆነውበታል፤ ደግ አደረጉ። በሞተር ጩኸት መካከል ዕድሜውን የፈጀው አባት ደግሞ ጆሮው ከብዷል። ከዋለባቸው ሞተሮች አንዱ ተነስቶ ሲንተከተክ ግን እንደ ልማዱ ሳያይ እጁን ይዘረጋል። ልጁ ካቻቪቴውን ያቀብለዋል። ሽማግሌው እጀታውን አሁን የሚያሳርፈው ጆሮው ላይ አይደለም፤ ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ ልጁም ሞተሩን ሳይሆን የአባቱን ፊት እያየ ይጠብቃል።