ፕላስተር ያልያዘው ሐሳብ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ኮድ ነው፤ ሌላ ዲፓርትመንት ያላችሁም ግን አትዝለሉት።

ነገሩ የተጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። አብሮኝ የሚኖረው ወንድም የሕግ ተማሪ ሲሆን ከዒሻ በኋላ ደግሞ ፈራኢድ ይቀራል። ማስታወሻዎቹን በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይለጥፍና በቀስት ያያይዛቸው ነበር። አንድ ሌሊት ፕላስተሩ ለቆ የሟች ወራሾች በሙሉ አልጋዬ ላይ ወረዱ። «አንተ ሶፍትዌር እየተማርክ እኔ በፕላስተር ልኑር?» አለኝ። በዚያው ሳምንት ጀመርኩ።

ሐሳብን መሃል አስቀምጦ ዙሪያውን ቅርንጫፍ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ማይንድ ማፕ» ብሎ በቢቢሲ ቴሌቪዥን አስተዋውቆታል፤ እንደ ፍሪማይንድ ያሉ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ። ወንድሜ ግን ላፕቶፕ የለውም። ያለው ስልክና የላይብረሪ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ የፈለግኩት በአሳሽ የሚከፈት፣ ኔትወርክ ሲጠፋም የሚሠራ አንድ ገጽ ነበር፤ ታብ ሲጫኑ ልጅ፣ ኢንተር ሲጫኑ ወንድም የሚጨምር።

መጀመሪያ ሳጥኖቹ እንዲገፋፉ፣ መስመሮቹም እንደ ስፕሪንግ እንዲሳሳቡ አደረግኩ። ሲታይ ያምራል፤ እውነቱን ለመናገር ለጓደኞቼ ለማሳየት ነበር የሠራሁት። ነገር ግን አንድ ሐሳብ በተጨመረ ቁጥር ሁሉም ቦታውን ይለቃል። «ባል ቀኝ ከላይ ነበር፤ የት ሄደ?» ይለኛል። ለካ የሚያጠናው ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ቦታውንም ነው። ስፕሪንጉን አጠፋሁት። በስልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ የአንድሮይድ ኪቦርድ የትኛውም ፊደል ቢነካ ብዙ ጊዜ 229 የሚል ቁጥር ብቻ ይልካል፤ በቁልፍ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ሆነና ሁለት በተን ጨመርኩ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ አባት ብቻ እንዲኖረው አድርጌ ነበር። ፈራኢድ ግን እንዲህ አይደለም። ሟቿ ልጅ ከሌላት ለባል 1/2፣ ካላት 1/4፤ ሟቹ ልጅ ከሌለው ለሚስት 1/4፣ ካለው 1/8፤ የእናትም 1/3 በልጅ መኖር 1/6 ይሆናል። «የልጅ መኖር» የሚለው አንድ ሳጥን ሦስት ቅርንጫፍ ይነካል። እሱ ሦስት ቦታ ደጋግሞ ይጽፈው ነበር፤ አንዱን ሲያርም ሁለቱ እንደነበሩ ይቀራሉ። በመጨረሻ ሳጥኖቹን ለብቻ፣ መስመሮቹን ለብቻ ዘርዝሬ አስቀመጥኳቸው፤ ቅርንጫፉ በሙሉ መስመር፣ ተሻጋሪው በቁርጥራጭ መስመር።

ደስ ብሎን ሦስት ሳምንት ተጠቀመበት። ከዚያ አንድ ቀን ከላይብረሪ ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። ሥራው ሁሉ የሚቀመጠው አሳሹ ውስጥ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሲጠፋና ሲበራ የተጠቃሚውን ሁሉ የሚያጸዳ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሊያውቅ የሚገባው እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኩትም። በማግስቱ ለቂርአት ጓደኞቹ ሊያስረዳበት ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀደሩላህ» ብሎ ወረቀትና ፕላስተሩን ከሎከር አወጣ።

ፋይል አድርጎ ወደ ፍላሽ የሚያወጣውን በተን ያን ሌሊት ጻፍኩ፤ ሃያ መስመር እንኳን አይሞላም። ከፈጅር በኋላ ቁጭ ብለን እሱ እየነገረኝ እኔ ሳጥን አስቀመጥኩ። «ባል ቀኝ ከላይ፣ እናት ከሥሩ…» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚነግረኝ። ከአራት ሳጥን በቀር ሁሉም ተመለሰ፤ አራቱን ከኪታቡ ሞላናቸው።

አሁን የምትፈልጉ ፍላሽ ይዛችሁ ከዐስር በኋላ ላይብረሪው በር ላይ ብታገኙኝ እሰጣችኋለሁ። እሱ ግን እስካሁን ሠርቶ ሲጨርስ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ ያነሳል።